ከአውቶቡሱ የሚቀሩትን አስቀድሞ፦ በድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች የዲጂታል የሥራ ቦታ ጉብኝት አሠራር

የማስተምርበት ትምህርት ቤት በየዓመቱ አንድ ጊዜ አውቶቡስ ተከራይቶ ተማሪዎችን ወደ ፋብሪካ ይወስድ ነበር። አውቶቡሱ በር ላይ ቆሜ ስም የምጠራው እኔ ነበርኩ። አንድ ዓመት ከጉዞው መልስ የስም ዝርዝሩን ይዤ ቁጭ አልኩና ያልሄዱት እነማን እንደሆኑ አየሁ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሰው ልጅ የለም፤ የአውቶቡሱ ደረጃ ከፍ ያለ ነው፣ ወንበሩም አይገባም ተብሏል። ማየት የተሳናት ልጅ የለችም፤ «ሄዳ ምን ታያለች?» ያለ ሰው ነበር። ሁለት ሴት ተማሪዎችን አባቶቻቸው ከከተማ እንዲወጡ አልፈቀዱም። ከሰዓት በኋላ ቀፊራ ገበያ እናቱን የሚያግዘው ልጅና ከገጠር ቀበሌ የሚመላለሱት ደግሞ የመመለሻው ሰዓት አልሆነላቸውም። ሪፖርቱ ግን «የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች የሥራ ቦታ ጎብኝተዋል» ይላል። የጻፍኩትም እኔ ነኝ።

ዛሬ የምንሠራው በሌላ መንገድ ነው። የሥራ ቦታው በኢንተርኔት ወደ ክፍሉ ይመጣል። ተማሪው ባለሙያውን በሥራው ላይ እንዳለ ያነጋግራል፣ ባለሙያው በየቀኑ ከሚሠራው ሥራ አንዱን ተቀብሎ ይሠራል፣ ሠርቶ ሲመልስም አስተያየት ያገኛል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የተደረገው ነገር ፊልም ማሳየት ብቻ ነው።

ሐሳቡ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በእንግሊዝ ጋትስቢ ፋውንዴሽን የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ካወጣቸው ስምንት የሙያ ምክር መለኪያዎች መካከል ሁለቱ ከአሠሪዎች ጋር መገናኘትና የሥራ ቦታን ማወቅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ የመሥሪያ ቤቶችን በር ሲዘጋ ብዙ ትምህርት ቤቶች ልምምዱን ወደ ኢንተርኔት አዛወሩት። በዚያው ቀድሞም መጓዝ ለሚከብዳቸው ተማሪዎች አንድ በር ተከፈተ።

ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት አጥብቄ የምለው ነገር አለ። ይህ ጉብኝት ለሁሉም ተማሪ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰዓት የሚሰጥ ነው። ሌሎቹ በአውቶቡስ ሄደው አካል ጉዳተኛው ብቻ ስክሪን ፊት እንዲቀመጥ ከተደረገ ማግለሉ መልኩን ቀየረ እንጂ አልቀረም።

1. ከሚቀሩት ስም ጀምሩ

ድርጅት ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ወረቀት ያዙና ባለፈው ጉብኝት ያልነበሩትን ስም በስም ጻፉ። የክፍል ኃላፊ መምህራንንና፣ ካላችሁ፣ የልዩ ፍላጎት መምህሩን ጠይቁ። ከዚያ እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻው አነጋግሩ። «ችግርህ ምንድን ነው?» አትበሉት። «እንዴት ቢዘጋጅ ይመችሃል?» በሉት። የመጀመሪያው ጥያቄ ልጁ ስለ ራሱ እንዲያስረዳ ያስገድደዋል፣ ሁለተኛው ግን እናንተን ሥራ ያስይዛችኋል።

መልሶቹ ቀኑንና ሰዓቱን ይወስናሉ። በእኛ ከተማ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ገደማ ሙቀቱም የምሳ ዕረፍቱም ሰውን ከሥራ ያርቃል። ዓርብ የጁምዓ ሶላት አለ፤ በረመዳን ከሰዓት በኋላ ጾም ያደከመውን ልጅ ማስቀመጥ አይገባም። ገበያ የሚያግዙትና ቤት የሚጠበቁት ከሰዓት አይመቻቸውም። ስለዚህ በጠዋት ፈረቃ ለሚማሩ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እኛ የደረስንበት ቀን ነው። የከሰዓት ፈረቃ ከሆነ ከ10 ሰዓት በፊት አትጀምሩ።

2. ሥራውን ምረጡ

ትልቁን ፋብሪካ የመምረጥ ፍላጎት ይመጣል። ተቋቋሙት። የማሽን ጩኸት ባለበት ቦታ ባለሙያው የሚናገረው አይሰማም፣ ካሜራውም ጭስና ጎማ ከማሳየት አያልፍም። እንዲያውም ከማሽኑ ኋላ ያለውን ሥራ ፈልጉ።

እኔ የትራንዚተር ቢሮን፣ ማለትም የገቢና ወጪ ዕቃ የጉምሩክ ሰነድ የሚያስፈጽም ባለሙያ ቢሮን፣ እመክራለሁ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም. የባቡር ሐዲዱ እዚህ ሲደርስ ነው፤ የከተማችን እንጀራ ከመጀመሪያው ከጅቡቲ ከሚመጣና ወደ ጅቡቲ ከሚሄድ ዕቃ ጋር የተያያዘ ነው። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ ባቡር አለ፣ ደረቅ ወደቡ አለ፣ በነሐሴ 2014 የተመረቀው ነፃ የንግድ ቀጣና አለ። ተማሪዎቻችን ኮንቴነር የጫነውን ከባድ መኪና በየቀኑ ያያሉ። ያ ኮንቴነር እንዲወጣ ሰነድ የሚያዘጋጀውን፣ ዲክላራሲዮን (ለጉምሩክ የሚቀርበውን የዕቃ መግለጫ) የሚሞላውን፣ ከጉምሩክ ጋር የሚመላለሰውን ሰው ግን አያውቁትም። ሥራው በአብዛኛው በወረቀትና በኮምፒውተር የሚሠራ ስለሆነ እግሩ የማይራመድ፣ ጆሮው የማይሰማ፣ በስክሪን አንባቢ (በኮምፒውተር ወይም በስልክ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚጠቀም ሰው ሊሠራው ይችላል። ያንን ተማሪውም አሠሪውም በአንድ ጊዜ ማየታቸው ትልቅ ነገር ነው።

ሌሎችም አሉ፦ የሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ የሆስፒታል ካርድ ክፍል (ታካሚ በማይታይበት ሰዓት)፣ የሬዲዮ ጣቢያ ስቱዲዮ፣ የሒሳብ አዋቂ ቢሮ፣ የስልክ ጥገና ሱቅ። የስልክ ጥገናውን አትናቁ። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት፣ አንድ ጎበዝ ባለሙያ ካለ ካሜራው የሚፈልገው ሁሉ አለ።

ለድርጅቱ የምትጽፉት ደብዳቤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። የምትፈልጉትን በቁጥር አስቀምጡ፦ የአንድ ባለሙያ 40 ደቂቃ፣ ከሳምንት በፊት የ15 ደቂቃ ሙከራ፣ የደንበኛ ስም የጠፋበት አንድ የሥራ ሰነድ፣ በኋላ ደግሞ የተማሪዎችን ሥራ ለማየት አንድ ሰዓት። ኃላፊው የሚከፍለው ነገር እንደሌለ በግልጽ ጻፉለት። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪዎች የተመቻቸ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲፈጥሩ ኃላፊነት እንደሚጥል በአንድ ዓረፍተ ነገር ማንሳት ተገቢ ነው። ለማስፈራራት ሳይሆን ጥያቄያችሁ ልመና እንዳልሆነ እንዲታወቅ።

3. የሚሠራውን ሥራ አዘጋጁ

ጉብኝቱን ጉብኝት ብቻ ከመሆን የሚያድነው ይህ ደረጃ ነውና ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አፍስሱ።

እኛ ያዘጋጀነው እንዲህ ነበር። ትራንዚተሯ የአንድ ጭነት ኢንቮይስና የዕቃ ዝርዝር ሰጠችን፤ ስሞቹን ለውጠን ሦስት ስሕተት አስገባን። በኢንቮይሱ 240 ካርቶን የተባለው በዝርዝሩ 204 ሆነ፤ የተጣራው ክብደት ከጠቅላላው ክብደት በለጠ፤ የዕቃው ሥሪት አገር በሁለቱ ሰነዶች ላይ ተለያየ። ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስሕተቶቹን ፈልገው ለአስመጪው አጭር ደብዳቤ ይጽፋሉ። በቢሮው በየሳምንቱ የሚያጋጥም ሥራ ነው፤ የተፈጠረ ጨዋታ አለመሆኑን ተማሪዎቹ ወዲያው ይረዱታል።

ሰነዱን በሦስት መልክ አዘጋጁ። አንደኛው የተለመደው ወረቀት ነው። ሁለተኛው ፊደሉ የጎላ፣ በ20 ነጥብ የታተመ፣ ዓይናቸው ለደከመ የሚሆን ነው። ሦስተኛው ለስክሪን አንባቢ የሚሆን የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በስልክ የተነሣ የሰነድ ፎቶ ለስክሪን አንባቢ ባዶ ወረቀት ነው። በቆየው የቪዥዋል ግዕዝ ፊደል የተጻፈ አማርኛም ለዓይን ደህና ይመስላል፣ ኮምፒውተሩ ሲያነበው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ጋጋታ ይሆናል። ኮምፒውተር ሁሉ አማርኛ መሆኑን በሚያውቀው በዩኒኮድ፣ ለምሳሌ በኒያላ ፊደል፣ እንደገና ጻፉት። ሰንጠረዡንም ፍቱትና «ተራ ቁጥር 1፣ ሳሙና፣ ካርቶን 240» እያላችሁ በመስመር አስቀምጡት።

ስክሪን አንባቢ ለመግዛት ገንዘብ አትፈልጉ። ኤንቪዲኤ የተባለው ፕሮግራም በዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ በነፃ ይጫናል፤ አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የተባለው የንባብ ድምፅ አማርኛም ያነባል። ድምፁ የማሽን ስለሆነ መጀመሪያ ጆሮ ይቆረቁራል፤ ተማሪዋ ከጉብኝቱ ሁለት ሳምንት ቀድማ መለማመድ አለባት። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ቶክባክ የተባለ ስክሪን አንባቢ አለ።

በድሬዳዋ ክፍል ውስጥ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ አፍ የፈቱ ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የሥራውን ትእዛዝ አጭር አድርጋችሁ በሦስቱም ቋንቋዎች አዘጋጁ። ትርጉሙን ለተማሪዎች ራሳቸው ስጡ፤ «ክብደት» የሚለውን በሦስት ቋንቋ የተከራከሩበት ተማሪዎች ቃሉን አይረሱትም። መልሱንም በሚቀላቸው ቋንቋ ይጻፉ።

4. መስመሩ፣ መብራቱ፣ ድምፁ

እያንዳንዱ ተማሪ በየስልኩ ይግባ አትበሉ። ስልክ የሌለውንና የዳታ ገንዘብ የሌለውን በመጀመሪያው ደቂቃ አስወጣችሁት ማለት ነው። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ፕሮጀክተር፣ አንድ መስመር ይበቃል። የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት ግማሽ ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ይፈጃል፤ ድምፅ ብቻ ሲሆን ከአሥር አንዱን እንኳ አይፈጅም። ስለዚህ መስመሩ ሲደክም ምስሉን አጥፍታችሁ በድምፅ ቀጥሉ፤ ለዚያም የቢሮውን ፎቶዎች ቀድማችሁ ላፕቶፑ ላይ አስቀምጡ።

የሁለት ኩባንያ ሲም ካርድ ያዙ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በነሐሴ 2014 የሙከራ አገልግሎቱን የጀመረው በዚችው በድሬዳዋ ስለሆነ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ሁለት አማራጭ ያለን ከተማ ነን፤ አንዱ ሲቆም በሌላው መቀጠል ነው። የዙም ነፃ ስብሰባ በ40 ደቂቃ ይዘጋል፤ ጉግል ሚት ከሁለት በላይ ሆነው ለሚገናኙ አንድ ሰዓት ይሰጣል። ላፕቶፑ ሙሉ በሙሉ ይሞላ፣ ፓወር ባንክ ይዘጋጅ። መብራት ቢጠፋና ፕሮጀክተሩ ቢጨልም ተማሪዎቹ በላፕቶፑ ዙሪያ ይሰብሰቡ፤ ጉብኝቱ አይቁም።

ከምስል ይልቅ ለድምፅ ተጨነቁ። የክፍሉን ድምፅ በሚኒ ሚዲያው ማጉያ አውጡት፤ በየትምህርት ቤቱ ያለ መሣሪያ ነው። በሌላው ወገን ባለሙያው ሽቦ ያለው ማዳመጫ ከነማይክሮፎኑ ይጠቀም፤ የሌለው ከሆነ እናንተ አድርሱለት። ስልኩን በእጅ ይዞ ከመዞር በመቆሚያ ላይ ማድረጉ ይሻላል። ፀሐይ ላይ ደግሞ አያስቀምጠው፤ በእኛ ሙቀት ስልክ ግሎ ይጠፋል።

5. ባለሙያውን አለማምዱ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። የመጀመሪያ ሙከራችን የከሸፈው ያለ ልምምድ ስለገባንበት ነው። አንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ ትጉህ ሰው ለግማሽ ሰዓት አስረዱን፤ መስኮቱ ከኋላቸው ስለነበር ጥቁር ጥላ ብቻ ይታይ ነበር። «ይሄን እዚህ ታስገቡና ያንን ትጫናላችሁ» ይላሉ። ማየት ለተሳናት ተማሪ «ይሄ» ምንድን ነው? «እዚህ» የት ነው? መስማት የተሳነው ልጅ ደግሞ አስተርጓሚው ስለቀረ ግማሹን ሰዓት እጁን አጣምሮ የሌሎችን ሳቅ ሲመለከት ቆየ። ሲወጣ ምንም አላለኝም። ከዚያ ቀን በኋላ አስተርጓሚ ካልተገኘ ቀኑን እናዛውራለን እንጂ አንጀምርም።

በሙከራው ቀን ለባለሙያው የምትነግሩት እነዚህን ነው። «ይሄ» እና «ያ» ከማለት የነገሩን ስም ይጥራ፤ «በግራ እጄ የያዝኩት ሰማያዊ ፎልደር የጉምሩክ ሰነድ ነው» ይበል። መስኮቱ ከፊቱ ይሁን፣ ከኋላው አይሁን። ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ትንሽ ያቁም፤ አስተርጓሚው እንዲደርስበት፣ ተማሪውም ከአስተርጓሚው ወደ ስክሪኑ ዓይኑን እንዲመልስ። ለመስማት የተሳነው ተማሪ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማየት አይቻለውም፤ ባለሙያው እያወራ ሰነድ ካሳየ አንዱ ያመልጠዋል።

ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚው የቃላት ዝርዝር ከሳምንት በፊት ስጡት። ዲክላራሲዮን፣ ማኒፌስት (የጭነት ዝርዝር)፣ ቀረጥ የሚሉትን በዕለቱ በጣት ፊደል እየጻፈ ከሚደነቃቀፍ ከተማሪው ጋር ተስማምተው ምልክት ይያዙላቸው። አስተርጓሚው በክፍሉ ውስጥ ከስክሪኑ ጎን፣ ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ይቁም። በስክሪኑ ጥግ በትንሽ ሳጥን ማሳየት ለአርባ ልጅ ክፍል አይበቃም።

6. የዕለቱ አካሄድ

ሰላምታና መተዋወቅ 5 ደቂቃ ይበቃል፤ የድርጅቱ ታሪክ እንዳይረዝም ባለሙያውን ቀድማችሁ ለምኑት። ቀጥሎ 12 ደቂቃ ባለሙያው የዛሬ ጠዋት ሥራውን ከመነሻው ያሳያል። ከዚያ 5 ደቂቃ የተማሪዎቹን ሥራ ያስተዋውቃል። የቀረው በሙሉ የጥያቄ ነው።

ጥያቄ የሚጠይቁት ሁልጊዜ እነዚያው አራት አምስት ደፋሮች እንዳይሆኑ ጥያቄዎችን በሦስት መንገድ ተቀበሉ፦ በቃል፣ በወረቀት፣ በምልክት ቋንቋ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጥያቄዎች በደረጃ 1 ከጻፋችኋቸው ስሞች ስጡ፤ ከአንድ ቀን በፊት ይዘጋጁበት። ሴት ተማሪዎች የባለሙያዋን የደመወዝ፣ የልጅ አስተዳደግና ከቤት የመውጣት ጉዳይ መጠየቅ ይፈልጋሉ። አትከልክሏቸው። ትራንዚተሯ «አባቴም መጀመሪያ እንቢ ብለው ነበር» ስትል ክፍሉ ጸጥ ያለውን ያህል በሌላ ነገር ጸጥ ሲል አላየሁም።

ሥራውን ለመሥራት የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ ስጡ። ቤት ውሰዱት ካላችሁ ጊዜ ያለው ልጅ ብቻ ይሠራዋል።

7. በዕለቱ ላልነበሩት

ድምፁን ቅዱ። ቪዲዮውን ሳይሆን ድምፁንና አሥር ፎቶዎችን በቴሌግራም ላኩ፤ ፋይሉ ትንሽ ስለሚሆን ዳታ አይጨርስም። ቴሌግራም ለሌላቸው በሚሞሪ ካርድ ስጡ። ጀልዴሳ፣ ዋሂል ወይም ቢዮ አዋሌ የምታስተምሩ ከሆነና መስመሩ የማይቀጥል ከሆነ ነገሩን ገልብጡት፦ ተማሪዎቹ ጥያቄያቸውን በድምፅ ይቅዱ፣ ወደ ከተማ የሚሄድ መምህር ይላክላቸው፣ ባለሙያው በድምፅ መልሶ ይላክ። አንድ ሳምንት ይፈጃል፤ ግን ባለሙያው ስማቸውን ጠርቶ ሲመልስላቸው ጉብኝቱ የእነርሱም ይሆናል። የሚሠራው ሥራና የሚሰጠው አስተያየት ከከተማው ልጆች ጋር አንድ ይሁን።

8. ፈቃድና ጥንቃቄ

ለወላጆች ደብዳቤ ላኩ፤ ማንበብ ለማይችሉት ደውላችሁ በቋንቋቸው አስረዱ። የተማሪ ስልክ ቁጥር ለድርጅቱ አይሰጥም፤ ግንኙነቱ ሁሉ በመምህሩ በኩል ነው። በቀረጻ ውስጥ የተማሪ ፊት አይግባ። የተማሪን የአካል ጉዳት ያለ ፈቃዱ ለባለሙያው አትንገሩ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ይመድበዋል፤ ከሕጉም በፊት ግን የልጁ ክብር አለ። ለባለሙያው «በክፍሉ ውስጥ በስክሪን አንባቢ የሚጠቀሙ አሉ» ማለት ይበቃል፤ ማን እንደሆነ ራሷ ከፈለገች ትናገራለች።

አስተያየቱ ከሁለት ሳምንት አይዘግይ። ባለሙያው ለእያንዳንዱ ጥንድ ሁለት ነገር ይበል፦ የትኛውን ስሕተት እንዳገኙ፣ ደብዳቤያቸው ለአስመጪ ቢላክ ምን እንደሚቀየር። ለአካል ጉዳተኛው ተማሪ የተለየ ውዳሴ እንዳያበዛ ቀድማችሁ ንገሩት። ስሕተት ካለበት ስሕተቱን ይንገረው፤ እንደ ሠራተኛ መቆጠር ማለት ያ ነው።

9. ከስክሪኑ ወደ በሩ

የመጀመሪያውን ጉብኝት በኅዳር ብታደርጉ ሁለተኛውን በጥር ማድረስ ትችላላችሁ፤ በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ደግሞ ተማሪዎች ጥቂት ጥቂት ሆነው በአካል ይሂዱ። በዲጂታሉ ጉብኝት ተማሪውና ባለሙያው ተዋውቀዋልና በአካል ለመቀበል ድርጅቱ አይከብደውም። ውጤታችሁን ስትመዘግቡ የተሳታፊውን ብዛት ከመጻፋችሁ በፊት የደረጃ 1ን ወረቀት አውጡና በእያንዳንዱ ስም ፊት ሦስት ምልክት አድርጉ፦ ጠየቀ፣ ሠራ፣ አስተያየት አገኘ። ባዶ የቀረ ስም ካለ የሚቀጥለው ጉብኝት የሚታቀደው ለእርሱ ነው።

በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሰው ልጅ በዚያ ዕለት ለትራንዚተሯ ያቀረበው ጥያቄ አጭር ነበር፦ «መግቢያችሁ ስንት ደረጃ አለው?» አላወቀችም። አሥራ አንድ ዓመት የወጣችበትና የወረደችበት በር ነው። ስልኩን ይዛ ወጣች፣ እኛም አብረናት በስክሪኑ ወጣን፣ ጮክ ብላ ቆጠረች፦ አምስት። አሁን ለማንኛውም ድርጅት በምንጽፈው ደብዳቤ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው።